ኦክስጅን ሴንሰሩ ተቀይሮ የቼክ ኢንጂን መብራት ለምን ተመልሶ ይበራል?

ጠያቂያችን የሚያሽከረክሩት እ.ኤ.አ. በ2004 ተሠርቶ ከአሜሪካ የመጣ፣ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር ቶዮታ ኮሮላ ሲሆን መኪናው 150 ሺህ ማይል ያህል ሄዷል። የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶባቸው አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለ አንድ ጋራዥ ሲወስዱት በኮምፒውተር ታይቶ ፒ 0171 እና ፒ 0141 የሚሉ ሁለት ኮዶች ተገኙ። «ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል» ተብለው ከሞተሩ አጠገብ ያለው የፊተኛው ሴንሰር፣ ገመዱ ተቆርጦ በሚቀጠልና ለሁሉም መኪና ይሆናል በሚባል ሴንሰር ተቀየረላቸው፤ መብራቱም ጠፋ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ግን ተመልሶ በራ። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጥ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር፣ ይዋዥቃል፤ የቤንዚን ፍጆታውም ከበፊቱ ጨምሯል። አሁን ደግሞ የኋለኛው ሴንሰርም እንዲቀየር፣ ካልሆነም በጭስ መውጫው ላይ ያለው መርዛማውን ጭስ የሚያጣራው ካታሊስት ወጥቶ መብራቱ «በኮምፒውተር እንዲዘጋ» ተመክረዋል። ከሁለቱ የትኛውን ልምረጥ ሲሉ ይጠይቃሉ።

ለጊዜው ከሁለቱ አንዱንም አይምረጡ። ከገለጹልን ምልክቶች ስነሳ፣ ተነቅሎ የወጣው የፊተኛው ሴንሰር ጤነኛ የነበረ ይመስለኛል። ሁለቱ ኮዶች እርስ በርስ የማይገናኙ ሁለት ጥፋቶችን የሚያመለክቱ ሆነው ሳለ እንደ አንድ ጥፋት ታይተው በአንድ ዕቃ ለውጥ እንዲወገዱ ተሞክሯል። የመጀመሪያው፣ ማለትም የፒ 0171 ምክንያት፣ ሳይነካ እንዳለ አለ። ሁለተኛው ፒ 0141 የሚመለከተው የኋለኛውን ሴንሰር ስለሆነ የፊተኛውን መቀየር ለእርሱ የሚፈይደው ነገር የለም። ይህን የምልበትን ምክንያት ለማስረዳት ሴንሰሩ ምን እንደሚለካ በአጭሩ ማንሳት ያስፈልጋል።

ኦክስጅን ሴንሰር ቤንዚን አይለካም። የሚለካው በጭስ መውጫው ውስጥ ከቃጠሎ ተርፎ የሚያልፈው ኦክስጅን ከውጭው አየር ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ነው። የተለመደው የዚርኮኒያ ሴንሰር ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ የራሱን ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ቤንዚን ሲበዛ ወደ 0.9 ቮልት ይወጣል፣ አየር ሲበዛ ወደ 0.1 ቮልት ይወርዳል። የሞተሩ ኮምፒውተር ይህን እያየ ለ1 ኪሎ ግራም ቤንዚን 14.7 ኪሎ ግራም አየር እንዲደርስ በኢንጀክተሮቹ የሚረጨውን መጠን በየቅጽበቱ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ሴንሰሩ ኦክስጅንን ብቻ ማየቱ የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። አንዱ ካንዴላ ሳይተኩስ ሲቀር ያልተቃጠለው ቤንዚንና ያልተቃጠለው ኦክስጅን አብረው ይወጣሉ፤ ሴንሰሩ ግን ኦክስጅኑን ብቻ ስለሚያይ ቤንዚን አንሷል ብሎ ይዘግባል፤ ኮምፒውተሩም በተትረፈረፈው ላይ ሌላ ቤንዚን ይጨምርበታል። ስለዚህ ሴንሰሩ የሰጠው ዘገባ ትክክል ሆኖ ሳለ ከዘገባው የተወሰደው መደምደሚያ ስሕተት ሊሆን ይችላል።

ፒ 0171 የሚለው ድብልቁ ቤንዚን አንሶታል፣ ኮምፒውተሩም ቤንዚን እየጨመረ ሊያስተካክለው ከሚችለው ወሰን ደርሷል ነው። ይህን ለኮምፒውተሩ የነገረው ያ ተነቅሎ የተጣለው የፊተኛው ሴንሰር ነበር። ሴንሰሩ ራሱ ሲጎዳ የሚመዘገቡት ኮዶች ሌሎች ናቸው፤ ምልክቱ ሲበላሽ ፒ 0130፣ ምላሹ ሲዘገይ ፒ 0133፣ ማሞቂያው ሲቃጠል ፒ 0135 ይመጣሉ። ከእነዚህ አንዱም በእርስዎ መኪና ላይ አልተገኘም። ስለዚህ የተደረገው ነገር ያየውን በትክክል የተናገረውን ምስክር አስሮ ጥፋተኛውን እንደመልቀቅ ነው። ሴንሰር ኮድ ሳያስመዘግብ የተዛባ ንባብ የሚሰጥበት አጋጣሚ ፈጽሞ የለም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ይህ ሌላው ሁሉ ተመርምሮ ንጹሕ ሲሆን በመጨረሻ የሚጠረጠር ነው፣ በመጀመሪያ የሚገዛ ዕቃ ሊሆን አይገባውም።

ታዲያ መብራቱ ለሁለት ሳምንት የጠፋው ለምንድን ነው? ኮዱ ስለተሰረዘ ነው። ኮድ ሲሰረዝ ኮምፒውተሩ ስለ ሞተሩ ቀስ በቀስ የተማረው የቤንዚን ማስተካከያም ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ እንደገና ተምሮ ወሰኑ ላይ እስኪደርስ፣ ደርሶም ጥፋቱን በሁለት ተከታታይ ጉዞዎች እስኪያረጋግጥ ድረስ መብራቱን አያበራም። ባትሪ ነቅሎ መልሶ በማሰር መብራት የሚያጠፉትም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በአንጻሩ ጥፋቱ በእርግጥ ከተወገደ ማንም ሳይነካው በአብዛኛው ከሦስት ተከታታይ ንጹሕ ጉዞዎች በኋላ መብራቱ ራሱ ይጠፋል፣ ኮዱም ሞተሩ ቀዝቅዞ መልሶ በመሞቅ 40 ዙር ካለፈ በኋላ ከማኅደሩ ይወጣል። አንድ ጋራዥ መብራቱ ጠፍቶ መኪናዎን ሲያስረክብዎት ጥገናው መሳካቱን ገና ማንም አያውቅም፤ ክፍያ ሲፈጽሙ ይህን ልብ ይበሉ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ጀምሮ የተሸጡ አውቶሞቢሎች ሁሉ አንድ ዓይነት ባለ 16 እግር የመመርመሪያ ሶኬት አላቸው፤ የእርስዎም ከመሪው በታች ይገኛል። ኢ ኤል ኤም 327 የሚባለውን በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ መሣሪያ ቢገዙ ወይም ቢዋሱ ከዚህ በኋላ የምለውን ሁሉ ራስዎ ማየት ይችላሉ። ማንም ኮዱን ዳግም ከመሰረዙ በፊት «ፍሪዝ ፍሬም» የሚለውን ገጽ ይክፈቱና ፎቶ ያንሱት። ይህ ጥፋቱ በተመዘገበበት ቅጽበት የሞተሩ ሙቀት፣ ዙር፣ ጭነትና የመኪናው ፍጥነት ስንት እንደነበሩ የሚያሳይ መዝገብ ነው። ጥፋቱ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሆኖ በሚኒሞ ሳለ ከተመዘገበ ፍለጋው አንድ አቅጣጫ ይይዛል፤ በሙቅ ሞተር ዳገት ሲወጣ ከተመዘገበ ደግሞ ሌላ አቅጣጫ ይይዛል። ኮዱን አንብቦ ወዲያው መሰረዝ የለመደ ባለሙያ ከሁሉ የሚበልጠውን ማስረጃ አብሮ ያጠፋል፤ በብዙ ጋራዦች የማየው ትልቁ ችግር ይህ ነው።

ከዚያ ሁለት ቁጥሮችን ይመልከቱ፤ በስልኩ ላይ ሾርት ተርም ፊውል ትሪም እና ሎንግ ተርም ፊውል ትሪም ተብለው ይታያሉ። የመጀመሪያው ኮምፒውተሩ አሁን በዚህ ቅጽበት የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ቤንዚን በመቶኛ ሲሆን ሁለተኛው ከቆይታ የተማረው ነው፤ የሚፈረደው በሁለቱ ድምር ነው። ጤነኛ ሞተር ላይ ድምሩ ከዜሮ በላይም ሆነ በታች በ10 በመቶ ውስጥ ይቆያል። ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ ኮምፒውተሩ የጎደለ ነገር እየሞላ ነው። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ ድምሩን ይጻፉ፤ ከዚያ ነዳጅ ሰጥተው በ2,500 ዙር ለአንድ ደቂቃ ያህል ይዘው እንደገና ይጻፉ። በሚኒሞ ከፍ ብሎ በ2,500 ዙር ወደ ዜሮ ከቀረበ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ከሚለካው የአየር መጠን ሴንሰር በኋላ ሳይቆጠር የሚገባ አየር አለ ማለት ነው፤ ምክንያቱም በሚኒሞ የሚያስፈልገው አየር ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ሽንቁርም ትልቅ ድርሻ ይይዛል፣ ዙሩ ሲጨምር ግን ያው ሽንቁር ከጠቅላላው አየር አንጻር ኢምንት ይሆናል። በሚኒሞ ደህና ሆኖ በጭነት ጊዜ ከፍ የሚል ከሆነ የሚጠረጠሩት የቤንዚን አቅርቦትና የቆሸሸ የአየር መጠን ሴንሰር ናቸው። በሁሉም ዙር ላይ እኩል ከፍ ካለ የቤንዚን ግፊት ይለካ።

ስለ ከፍታ አንድ ነገር ልጨምር፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለእንዲህ ያለ ጥፋት «ከፍታው ነው» የሚል ምላሽ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 101 ኪሎ ፓስካል ወደ 77 ገደማ ይወርዳል፤ ሞተሩም ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ይሁን እንጂ የእርስዎ ሞተር የሚገባውን አየር በክብደቱ ስለሚለካ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑንም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ከፍታው ብቻውን ፒ 0171 አያመጣም። ከፍታው የሚያሳስተው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል በሚለካው ቫኩም ጌጅ የሚመረምር መካኒክ ከውጭ መጽሐፍ የለመደው ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ የሚለው ልክ የባሕር ጠለል ልክ ነው፤ በእኛ ከፍታ ጤነኛ ሞተርም ከዚያ 7 ኢንች ያህል ዝቅ ይላል። ይህን ያልቀነሰ ሰው በሌለ ጥፋት ሞተር ሊያስከፍት ይችላል።

በእርስዎ መኪና ላይ ቅድሚያ የምጠረጥረው አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን የአየር ማስገቢያ ማኒፎልድ ጋስኬት ነው። በዚህ ትውልድ ኮሮላ ላይ ያለው፣ ዋን ዜድ ዜድ ተብሎ የሚታወቀው ሞተር ማኒፎልዱ ፕላስቲክ ሲሆን በማኒፎልዱና በሞተሩ ጭንቅላት መካከል ያለው የጎማ ጋስኬት በዕድሜ ብዛት ይደርቃል፣ ይኮማተራል። ሌሊቱን ቀዝቅዞ ሲያድር ክፍተት ይፈጠርና ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ በዚያ አየር ይስባል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ክፍተቱ ይጠባል። ጠዋት ሚኒሞው ይዋዥቃል፣ ከሞቀ በኋላ ይስተካከላል ያሉት ከሆነ ከዚህ ጋር በደንብ ይገጥማል። ስለዚህ ምርመራው ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረበት ሰዓት መደረግ ይኖርበታል። ቀትር ላይ ሞቆ ወደ ጋራዥ የደረሰ መኪና ጥፋቱን ደብቆ ነው የሚደርሰው፤ ከተቻለ ማታ አስገብተው ያሳድሩት። ጭስ እየነፋ ሽንቁር የሚያሳይ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ካገኙ ከሁሉ የተሻለው መንገድ እርሱ ነው። ከሌለ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ በማኒፎልዱ መጋጠሚያ ላይ የካርቡሬተር ማጽጃ በጥቂቱ ረጭቶ ዙሩ ወይም ሾርት ተርም ቁጥሩ ሲለወጥ መመልከት ይቻላል፤ ነገር ግን ፈሳሹ ተቀጣጣይ ስለሆነ የጭስ መውጫው ሳይግል፣ እሳት ማጥፊያ በእጅ ይዞ፣ ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ ከሚሰጡት ቦቢናዎች አርቆ የሚደረግ ነው። ጋስኬቱ ርካሽ ዕቃ ነው፤ የሚያስከፍለው የእጅ ሥራው ነው።

ጋስኬቱ ደህና ከሆነ በዚያው አካባቢ ያሉትን ጎማዎች አንድ በአንድ በእጅ እያጠፉ ያስመርምሩ። ከአየር ማጣሪያው ሳጥን ወደ ሞተሩ የሚሄደው የተሸበሸበ ወፍራም ቱቦ በእጥፋቶቹ ውስጥ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ቱቦው ተዘርግቶ ካልታየ አይገኝም፣ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ግን ይከፈታል። ከሞተሩ ክዳን የዘይት ጢስ የሚመልሰው ቀጭን ቱቦና ወደ ፍሬን ሰርቮ የሚሄደው ቱቦም እንዲሁ ይታዩ።

የአየር መጠን ሴንሰሩ፣ ማፍ ሴንሰር የሚባለው፣ በዚህ ከተማ የተለየ ጠላት አለው። ፊልትሮ ከመቀየር ይልቅ በኮምፕሬሰር እየተነፋ ደጋግሞ ይገጠማል፤ በኃይል የተነፋ ወረቀት ደግሞ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ያበጃል፣ በዚያ የሚያልፈው ደቃቅ አቧራ በሴንሰሩ የጋለ ሽቦ ላይ ይጋገራል። የተጋገረበት ሽቦ የሚያልፈውን አየር አሳንሶ ይቆጥራል፤ ኮምፒውተሩም በዚያው ልክ ቤንዚን ያሳንሳል። መፍትሔው ለዚሁ በተሠራ ማጽጃ ብቻ ረጭቶ፣ ሽቦውን በጨርቅም ሆነ በጣት ሳይነኩ፣ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ መግጠም ነው፤ ፊልትሮውም አብሮ በአዲስ ይቀየር። በዚህ ሞተር ላይ ሙቅ ሆኖ በሚኒሞ የሚነበበው ቁጥር በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ግራም አካባቢ ነው፤ ከዚያ በእጅጉ ካነሰ ወይ ሴንሰሩ ቆሽሿል ወይ ደግሞ አየሩ በሌላ መንገድ እየገባ ነው።

የቤንዚን ግፊት መጠበቅ ያለበት ከ300 እስከ 345 ኪሎ ፓስካል ባለው ክልል ነው። በጌጅ ይለካል እንጂ በግምት ፓምፕ አይቀየርም። ቤንዚን በጠፋበት ሰሞን ከመንገድ ዳር በጀሪካን የተገዛ ከገባበት ግን ሌላ ነገር ከመንካት በፊት ያንን ጨርሶ ንጹሕ መሙላት ይቀድማል። ከፊተኛው ሴንሰር በፊት ያለው የጭስ መውጫ መሰንጠቅም አይዘንጋ፤ ጭሱ በግፊት ሲወጣ በመሀል በመሀሉ ወደ ውስጥ የሚስብበት ቅጽበት ስላለ ከውጭ የገባው አየር ሴንሰሩን ያታልለዋል። ጠዋት ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ሰምተው ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ እዚያ ይፈልጉ።

ወደ ተቀጠለው አዲስ ሴንሰር ስመለስ፣ እርሱ ራሱ ሦስተኛ ጥፋት ሆኖ ሊጨመርብዎት ይችላል ብዬ እሰጋለሁ። በዚህ ሞተር ላይ እንደ ተሠራበት ዓመትና እንደ ገበያው ሁለት ዓይነት የፊት ሴንሰር ይገኛል፤ አንዱ ከላይ የገለጽሁት ተራው የኦክስጅን ሴንሰር ሲሆን ሌላው የአየርና የቤንዚን ምጣኔ ሴንሰር ነው። ሁለቱ በመልክ ይመሳሰላሉ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ግን ፈጽሞ አይሠራም። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቦኔቱን ከፍተው የጭስ ቁጥጥር መረጃ የያዘውን ተለጣፊ ወረቀት ያንብቡ፤ ኤ፣ ኤፍ እና ኤስ የሚሉ ፊደላት በአንድነት ተጽፈው ካገኙ የምጣኔ ሴንሰር ነው። ምጣኔ ሴንሰር ያለው ቶዮታ ላይ የሚነበበው ቮልት በ3.3 አካባቢ ጸንቶ ይቆያል፣ በአንዳንድ መመርመሪያ መሣሪያዎች ደግሞ ለ5 ተካፍሎ 0.66 ሆኖ ይታያል፤ አቅጣጫውም የተገላቢጦሽ ነው፣ አየር ሲበዛ ቮልቱ ይጨምራል። ይህን የማያውቅ ሰው ቁጥሩ እንደ ተራው ሴንሰር ከ0.1 ወደ 0.9 ሲመላለስ ባለማየቱ ብቻ ጤነኛውን ሴንሰር «ሞቷል» ይላል። በእርስዎ ላይ የሆነው ይህ ሊሆን እንደሚችል ልብ ይበሉ።

ዓይነቱ ትክክል ቢሆንም የገመዱ አቀጣጠል ይፈተሽ። የዴንሶ ባለ አራት ገመድ ሴንሰር ሁለቱ ጥቁሮች የማሞቂያው ናቸው፣ ሰማያዊው ምልክቱን ይዞ ይወጣል፣ ነጩ የምልክቱ መሬት ነው። በቦሽ ግን ሁለቱ ነጮች የማሞቂያው ሲሆኑ ምልክቱ በጥቁሩ ይወጣል፣ ግራጫው መሬት ነው። ጥቁርን ከጥቁር፣ ነጭን ከነጭ ብሎ የቀጠለ ሰው የማሞቂያውን 12 ቮልት ወደ ምልክቱ መስመር ሊልክ ይችላል። ገመዱ በብየዳም መቀጠል የለበትም፤ ብዙዎቹ ሴንሰሮች የሚያነጻጽሩበትን የውጭ አየር የሚያገኙት በገመዱ ክሮች መካከል ስለሆነ ቆርቆሮው ያንን መንገድ ይደፍነዋል። በማጥበቂያ ማያያዣ የተያዘ ቅጣይ ይሻላል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን በሻንሲ ቁጥሩ ተፈልጎ የራሱ ሶኬት ያለው ሴንሰር መግጠም ነው። ሶማሌ ተራ ከሌላ መኪና የተነቀለ አሮጌ ሴንሰር በቅናሽ ይገኝ ይሆናል፤ የሌላ መኪና ሴንሰር ግን ምን ያህል ዘይትና ጥላሸት እንደጠጣ ስለማይታወቅ እኔ አልመክረውም። ሲገጠም በጥርሱ ላይ ብቻ ቅባት ይደረግ፣ ጫፉን ቅባትም ሆነ ሲሊኮን አይንካው። በሞተሩ ላይ ለሴንሰር የማይስማማ ሲሊኮን እንደ ልብ መቀባት የሴንሰሩን ጫፍ በነጭ ብናኝ ሸፍኖ የሚገድል ልማድ ነው።

አሁን ፒ 0141ን እንየው። ይህ ኮድ ከካታሊስቱ በኋላ ያለው የኋለኛው ሴንሰር ማሞቂያ መስመር ተበላሽቷል ይላል፤ ከፒ 0171 ጋርም ሆነ ከቤንዚን ፍጆታው ጋር የሚያገናኘው ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ ቤንዚኑን በዋናነት የሚመራው የፊተኛው ነውና። ጥፋቱ ግን እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ ምርመራውም ቀላል ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሶኬቱን ነቅለው በሁለቱ ጥቁር ገመዶች መካከል በቴስተር ይለኩ። በ20 ዲግሪ ሙቀት ከ11 እስከ 16 ኦም መገኘት አለበት። ምንም ካላነበበ ማሞቂያው ተቆርጧልና የኋለኛው ይቀየር የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ ያን ጊዜ ያለ ጥርጥር ይግዙ። ልኩ ደህና ከሆነ ቁልፉ ተከፍቶ በመኪናው በኩል ባለው ሶኬት ላይ የባትሪው ቮልት መድረሱ ይታይ። የፊተኛው ማሞቂያ ኮድ ስላልመጣ ፊውዙ ደህና ሳይሆን አይቀርም፤ ስለዚህ ቮልቱ ካልደረሰ ገመዱን ይከተሉ። ይህ ገመድ ከመኪናው ሆድ ሥር የሚያልፍ በመሆኑ ኮረኮንች የሚወረውረው ድንጋይ፣ የክረምት ጎርፍና የጋለው የጭስ መውጫ ሦስቱም ይደርሱበታል፤ ማርሚታ ሲበየድ ከቦታው ወጥቶ ሳይታሰር የቀረ ገመድም ቀልጦ ይገኛል። ማርሚታው በቅርቡ ተበይዶ ከሆነ መጀመሪያ እዚያ ይዩ።

ካታሊስቱን በተመለከተ መልሴ አይውጣ ነው። አንደኛ፣ ተበላሽቷል የሚል ማስረጃ የለም። የካታሊስት ብቃት ሲወርድ የሚመዘገበው ፒ 0420 ነው፣ እርሱም አልመጣም። እንዲያውም የኋለኛው ሴንሰር ማሞቂያ ጥፋት እያለ ኮምፒውተሩ የካታሊስቱን ፈተና ስለማያካሂድ ስለ ካታሊስቱ አሁን ማንም እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይችልም። ሁለተኛ፣ ቢወጣ ፒ 0171 እንዳለ ይቀራል፣ ጠዋት ጠዋትም ሞተሩ እንደተዋዠቀ ይቀጥላል፤ የሚጨመረው በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ልጆች የሚተነፍሱት ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለ ቤንዚን ነው። መብራቱ በሶፍትዌር ሲዘጋ ደግሞ ነገ የሚመጣው ሌላ ጥፋት ሁሉ አብሮ ይዘጋል። ካታሊስቱ ውስጥ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ስላሉ አሮጌውም ዋጋ እንዳለው ይወቁ፤ ይውጣ ያለዎትን ሰው ከወጣ በኋላ የማን እንደሚሆን ቢጠይቁት አይከፋም። አገራችን በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለከለከለች እነዚህ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ፣ በምትኩ ሌላ ካታሊስት ማግኘትም አይቀልም።

ካታሊስቱንም ሴንሰሮቹንም የሚጎዳው ዋናው ነገር በዚህ ሞተር ላይ ዘይት ነው። ዋን ዜድ ዜድ፣ በተለይ ቀደም ብለው የተሠሩት፣ የፒስተን ቀለበቶቻቸው በካርቦን እየተያዙ ዘይት በመብላት ይታወቃሉ፤ በዘይቱ ውስጥ ያለው ፎስፈረስና ዚንክ ሲቃጠል አመዱ በካታሊስቱና በሴንሰሩ ጫፍ ላይ ይለጠፋል። በሁለት የዘይት ቅያሪ መካከል የሚጨምሩት ዘይት ካለ ስንት ሊትር በስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ይመዝግቡ፤ መጠኑ ብዙ ከሆነ አሁን የሚገዙት አዲስ ሴንሰር ዕድሜው አጭር ይሆናል።

መብራቱ ጸንቶ እስከበራ ድረስ ምርመራው እስኪጠናቀቅ በዝግታ መንዳት ይችላሉ። ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ግን ሲሊንደር ሳይተኩስ እየቀረ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታሊስቱ እየሄደ ነውና ነዳጅ መስጠትዎን ቀንሰው ጥግ ይያዙ፣ ካንዴላና ቦቢናው ሳይታይም አይንዱት። ጥገናው ካለቀ በኋላ ኮዱ ይሰረዝና ከሳምንት ያህል የተለመደ ጉዞ በኋላ፣ መብራቱ ቢበራም ባይበራም፣ ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ላይና ማታ ከሥራ ሲመለሱ የሁለቱን ትሪም ድምር እንደገና ይጻፉ፤ «ፔንዲንግ» በሚለው ገጽ ላይ ተራውን የሚጠብቅ ኮድ መኖሩንም ይመልከቱ። ድምሩ ከ10 በመቶ በታች ወርዶ ከቆየ የፒ 0171 ጉዳይ አልቋል። ወርዶ በጠዋት ብቻ የሚነሳ ከሆነ አየር የሚገባበት ቦታ ገና አልተገኘም፤ ጨርሶ ካልወረደ ግን የተቀጠለው የፊተኛ ሴንሰር በትክክለኛው ዓይነት የሚተካበት ጊዜ ያን ጊዜ ነው።